የፊት ጎማ ያለዕድሜው ለምን ያልቃል?

የራሳቸው የጭነት መኪና ያላቸው የገበሬ ማኅበራት አሉ። መኪናው እህል ወደ ገበያ ይወስዳል፤ ማዳበሪያና ዘር ያመጣል፤ ሲጨንቅም ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። እንዲህ ያለው ንብረት የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ የአባላቱ ሁሉ ነው። ስለሆነም «ጎማ አለቀ፤ ገንዘብ ይውጣ» በተባለ ጊዜ «ለምን አለቀ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ጎማ ብዙ ሲሠራበት ማለቁ አይቀርም። ዕድሜው ሳይደርስ የሚያልቅበት ምክንያት ግን አለ። አንዱ ምክንያት የፊት ጎማዎች አቅጣጫ መዛባት ነው። የጋራዥ ሰዎች «አላይመንት» ይሉታል።

ነገሩን ከጥማድ በሬ ጋር እናስተያየው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ቢስብ ምን ይሆናል? ቀንበሩ አንገታቸውን ይልጠዋል፤ ጉልበታቸው በከንቱ ያልቃል። የፊት ጎማዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን የሚያያይዝ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። የዘንጉ ርዝመት ልኩን ከሳተ፣ ጎማዎቹ ፊታቸው ተቀራርቦ ወይም ተራርቆ ይሄዳሉ። መኪናው ወደፊት ሲጓዝ እነሱ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ መንገዱም እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል።

ጉዳቱን በሂሳብ እንየው። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ከኋላ እስከ ፊቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢጣመም፣ ከመቶ አንድ እጅ ተጣመመ ማለት ነው። እንግዲህ 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 10 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ገበያው 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ እስኪመለስ 600 ሜትር ተፋቀ ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ጎማ እንዴት ይበረክታል?

ምልክቱን በዓይንም በእጅም ማወቅ ይቻላል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በውጭ ጎናቸው ካለቁ ፊታቸው ከልክ በላይ ተቀራርቧል። በውስጥ ጎናቸው ካለቁ ደግሞ ተራርቋል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ግን አስቀድመን የጎማዎቹን ንፋስ እንለካ፤ አንዱ ፍሬን ይዞ እንደሆነም እንይ።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የፊት ጎማዎቻቸው አክሰል በሚባል አንድ ወጥ ብረት ላይ ለተተከሉ መኪናዎች ነው። ብዙዎቹ የጭነት አይሱዙዎች እንዲህ ናቸው።

1. መኪናውን ጭነቱን አውርደን በሜዳ ላይ እናቁም። የሁለቱ የፊት ጎማዎች ንፋስ እኩል ይሁን። መሪው ቀጥ ይበል።

2. የኋላ ጎማዎችን በጠንካራ ጉርድ እንጨት እናግድ። ፊቱን በክሪክ አንስተን በጠንካራ ድጋፍ ላይ እናስቀምጠው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ሞት ነው። ክሪክ ይንሸራተታል።

3. ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘን እንነቅንቅ። የሚንቋቋ ነገር ካለ የላላው ዕቃ ይለወጥ። የላላ ዕቃ እያለ መለካት ድካም ብቻ ነው።

4. ጎማውን እያሽከረከርን መካከሉ ላይ በጠመኔ ዙሪያውን መስመር እናስምር። ሁለቱንም እንዲሁ።

5. መኪናውን አውርደን ጥቂት ወደፊት እንግፋው። ከዚያ በጎማዎቹ የኋላ በኩል፣ በአክሰሉ ቁመት ልክ፣ መስመሮቹ ላይ ምልክት እናድርግ። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተን እንጻፈው። ሜትሩን ብረት ካገደው ሁለት ቋሚ ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ይረዳል።

6. ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር መኪናውን ወደፊት እንግፋ። እነዚያው ምልክቶች አሁን ፊት መጡ። እንደገና ለክተን እንጻፍ።

7. እንቀንስ። ከኋላ 1551፣ ከፊት 1548 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ በ3 ሚሊ ሜትር ጠብቧል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ ስንት እንደሆነ የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል።

ልኩ ካልሆነ የዘንጉን ሁለት ጫፎች ያነቁትን ቡሎኖች ማላላት፣ ዘንጉን በጥቂቱ ማዞር ነው። ከማዞር በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት እናድርግ። ዘንጉ ከአክሰሉ በስተኋላ ከሆነ፣ ሲረዝም የጎማዎቹ ፊት ይቀራረባል፤ ሲያጥር ይራራቃል። ከዚያ መኪናውን ገፍቶ እንደገና መለካት። ልኩ ሲገኝ ቡሎኖቹን አጥብቆ ማሰር። ይህ ቡሎን ከላላ መሪ ይጠፋል፤ መሪ የጠፋበት መኪና በገደል አፋፍ ምን እንደሚያመጣ ለማንም አይነገርም። ስለዚህ ሥራውን መካኒክ ወይም የሠለጠነ ሾፌር ይሥራው፤ መለካቱንና መጻፉን ግን ማንበብ የቻለ አባል ሁሉ ይችላል።

ጎማ በተለወጠ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ወይም የመሪ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር እንለካ። ቀኑንና ልኩን በማኅበሩ ደብተር እንጻፍ። ፊደል ያወቀ ዓይን ንብረቱን ይጠብቃል።

ጥያቄዎች
ሀ. በውስጥ ጎናቸው ያለቁ ሁለት የፊት ጎማዎች ምን ይነግሩናል?
ለ. ከኋላ 1560፣ ከፊት 1555 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ ስንት ነው?
ሐ. በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የማንገባው ለምንድን ነው?