ካርቱም፦ ከጦርነት የተረፈ አሮጌ መኪና ሞተርን በቤት ውስጥ ማደስ ይቻላል?

ሱቅ ዐረቢ ከጦርነቱ በፊት በካርቱም እጅግ ከሚጨናነቁ ስፍራዎች አንዱ ነበር። በታላቁ መስጂድ ዙሪያ በተዘረጋው በዚህ ገበያ አውቶብሶች፣ ሱዳናውያን ‘ራክሻ’ የሚሏቸው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችና ቢጫ ታክሲዎች በአንድ ጎዳና ይጋፉ ነበር።

ከታክሲዎቹ ብዙዎቹ በ1970ዎቹ (እአአ) የተመረቱ ቶዮታ ኮሮናዎች ናቸው። ከእነሱ ቀደም ብሎ ደግሞ የእንግሊዙ ሂልማን የከተማዋ ታክሲ ነበር።

እነዚህ መኪናዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቁት ሞተራቸው ደጋግሞ እየወረደ ስለታደሰ ነው። ኮምፒውተር የላቸውም፤ ነዳጅ የሚያገኙት በካርቡራተር ነው። ከ1997 እስከ 2017 (እአአ) የዘለቀው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ የባንክ ዝውውርን አዳጋች ማድረጉም ያለውን ጠግኖ መጠቀምን የኑሮ ግዴታ አድርጎት ቆይቷል።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም.፣ በኦርቶዶክስ ፋሲካ ዋዜማ፣ ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን በርካታ ነዋሪዎች መኪናቸውን በግቢያቸው ትተው ሸሹ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን መልሶ ሲቆጣጠር ጎዳናዎቹ ጎማቸውና ሞተራቸው በተዘረፈ ተሽከርካሪዎች ተሞልተው ነበር። መኪናው ከነሞተሩ የቆየው ባለቤት ዕድለኛ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሳይነሳ የቆመ ሞተር የራሱ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ መደረግ የሌለበት ነገር ቁልፍ አስገብቶ ማስነሳት ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ውጊያ በነበረበት አካባቢ ያልፈነዱ ተተኳሾች ሊኖሩ ስለሚችሉ መኪናውንና ዙሪያውን ባለሙያ ሳያየው መንካት አይገባም።

ሞተሩ ሲቆም የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ሊጣበቁ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ በባትሪ ኃይል ማስገደድ ቀለበቱን ይሰብራል፤ ግድግዳውንም ይቧጭራል። የሚመከረው ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት መጨመር፣ ለቀናት መታገስ፣ ከዚያም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለውን ብሎን በእጅ ቁልፍ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ያረጀው ቤንዚን ከታንከሩ፣ አሮጌው ዘይትም ከሞተሩ መፍሰስ አለበት።

ሞተሩ በነጻነት ከዞረ፣ ሳይፈታ በፊት የመጭመቅ አቅሙ በመለኪያ ይታያል። የአንዱ ሲሊንደር ንባብ ዝቅ ካለና ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ከፍ ካለ፣ ችግሩ በአብዛኛው ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ለውጥ ካላሳየ ግን ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይዞራል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ሞተር በከንቱ ከማውረድ ያድናል።

ማውረዱ ራሱ ጥበብ ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ሥራ ቀላል አድርጎ ሊያስብ ይችላል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነውና። ኮሮና ግን ራዲያተር አለው፤ ከባድ የብረት ብሎኩም የሰንሰለት ማንሻና የሚያስተማምን መስቀያ ይፈልጋል። የዛፍ ቅርንጫፍ በብዙ ግቢዎች የሚታይ መፍትሔ ቢሆንም፣ ከተሰቀለ ሞተር ሥር እጅ ማስገባት ሕይወት ያስከፍላል።

ሲፈታ እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረግበታል። በተለይ ክራንክ ሻፍቱን የሚይዙት ክዳኖች ቦታና አቅጣጫ ሊቀያየር አይችልም፤ ከብሎኩ ጋር አብረው የተሞረዱ ናቸውና።

የቤት ሥራ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ኮሮናዎች ላይ ይገጠም የነበረው ‘12አር’ የተሰኘው ሞተር 1,587 ሲሲ ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 80.5 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳው ተበልቶ ሞላላ ከሆነ አዲስ ቀለበት ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሲሊንደሩ በማሽን ሰፍቶ፣ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገጠምለታል። ክራንክ ሻፍቱ ከተጫረም ተሞርዶ በልኩ ወፍራም ብሮንዚን ይታዘዝለታል። ልዩነቶቹ የሚለኩት በሚሊ ሜትር መቶኛ ስለሆነ በዓይን ግምት የሚሠራ ነገር የለም።

ለዚህ ማሽን፣ ሠለጠነ እጅና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ያለው ቶርኖ ቤት ያስፈልጋል። ጦርነቱ ከካርቱም የወሰደው ደግሞ በተለይ ይህንን ነው፤ የከተማዋ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ተዘርፈዋል፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሳይቀሩ ለመዳባቸው ሲባል ከመሬት ተቆፍረው ወጥተዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሞተሩን ከማውረዱ በፊት መፈለግ ያለበት ቁልፍና መፍቻ ሳይሆን ብሎኩን የሚቀበል ማሽን ቤት ነው። ከሌለ፣ ዘይት ቀብቶ ሸፍኖ ማቆየት ፈትቶ ከመበተን ይሻላል።

ቴስታታው ማሽን ቤት ከገባ አይቀር አንድ ነገር ሊታይ ይገባል። አሮጌ ሞተሮች የተነደፉት እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫዎችን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ለጤና ጠንቅ በመሆኑ ግን ቀስ በቀስ ቀርቶ፣ በ2021 (እአአ) አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሻጭ ሆና አቁማለች። ስለዚህም በዘመኑ ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ለሚነዳ ሞተር ጠንካራ የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫ ማስገባት አዋጭ ነው።

መልሶ መግጠሙ በቤት ሊሠራ ይችላል፤ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። ካርቱም ‘ሃቡብ’ በተሰኘው የአሸዋ ማዕበል የምትታወቅ ከተማ ናት፤ በብሮንዚንና በክራንክ ሻፍት መካከል የገባች ቅንጣት የወራትን ድካም ታበላሻለች። ክፍሎቹ ታጥበውና ዘይት ተቀብተው በፕላስቲክ ይሸፈናሉ፤ የቴስታታው ብሎኖችም ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በልክ መጥበቂያ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

ከተነሳ በኋላ ሞተሩን በቆመበት ለረጅም ጊዜ ማጉረምረም አዲሶቹ ቀለበቶች ከግድግዳው ጋር እንዳይላመዱ ያደርጋል። ፍጥነቱን እየለዋወጡ ያለ ከባድ ጭነት መንዳት፣ ከዚያም አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን መቀየር ያስፈልጋል። የአየር ማጣሪያው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሃቡብ በኋላ ተከፍቶ ይታያል።