«ለጊዜው» የታገደ ልጅነት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦቲዝምና ሌላ የዕድገት እክል ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት ምጽዋት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 መሠረቱ የተጣለው የላንተርማን ሕግ ያጎናጸፋቸው መብት ነው። የሚያስፈጽሙት 21 ሪጅናል ሴንተሮች ናቸው፤ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቁም።

መብቱ ግን ከበጀት መቀስ አላዳናቸውም። በ2009 ቀውሱ ስቴቱን ሲያናጋ ካምፕ፣ የመዝናኛ ፕሮግራም፣ የሙዚቃና የሥዕል ቴራፒ «ለጊዜው» ታገዱ። የተመለሱት በ2021 ነው። ያኔ የ6 ዓመት ልጅ የነበረው 18 ሞላው! ያለፈውን ልጅነቱን ማን ይከፍለዋል?

ሥጋቱ ዛሬም አለ። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ የሜዲኬይድን ገንዘብ ቀንሷል። ስቴቶች የነርሲንግ ሆም ወጪን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፤ አብዛኛው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ግን በፈቃዳቸው ነው። ገንዘብ ሲያጥር የቱ እንደሚቆረጥ መገመት አያዳግትም። በዚሁ ሥራ እንጀራ የሚበሉ ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም።

ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስንከራከር እናመሻለን (እኛም ጭምር)፤ እዚሁ ጎረቤት ስላለው ልጅ ግን ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ገዢው በጀቱን እስከ ጃንዋሪ 10 ያቀርባል፣ እስከ ሜይ 14 ያሻሽላል፤ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 15 ማጽደቅ አለበት። በመካከሉ ሕዝብ የሚናገርባቸው ስብሰባዎች አሉ፤ ወላጆች ሆይ፣ አብረን እንሂድ።