ከማጥፋት በፊት ምን እንዳለበት እንይ

ውጭ አገር ያለችው ልጄ ለልጅ ልጄ አዲስ ላፕቶፕ የላከችለት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ቤታችን፣ የእንጦጦ ብርድ በመስኮት እየገባ፣ ቡና ሳፈላ «እማማ፣ ሊኑክስ ልጭንበት ነው» አለኝ።

ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ነኝና ሳልጠይቅ አላልፍም። እንዳስረዳኝ፣ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። የተገለበጠ ዊንዶውስ በገንዘብ ከማስጫን ይሻላል ብዬ ተስማማሁ።

ፍላሹን ሰክቶ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ «ዲስኩን አጥፍቶ መጫን» የሚል ምርጫ መጣ። ሊጫነው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቆይ ልጄ! ምን እንዳለበት አይተሃል?»

«አዲስ እኮ ነው፣ ባዶ ነው» አለ። ቢሆንም ዘግቶ በዊንዶውስ ከፈተው። «ለእማማ» የሚል ፎልደር አገኘን። ውስጡ የሟቹ ባለቤቴ ፎቶዎች! ልጄ ከድሮ አልበም አንስታ፣ በድንገት ልታስደስተኝ ያስገባችው ነው። ደውለን ስንጠይቃት ከስልኳ ላይ አጥፍታቸዋለች። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ፎቶዎቹን ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጠን ቀጠልን። ልጆቻችሁ እንዲህ ሊያደርጉ ሲነሱ እናንተም ይህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጠዋል? አዲስ ዊንዶውስ ዲስኩን በቁልፍ ሊዘጋው ስለሚችል፣ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈዋል?

ሁለተኛ፣ ሳይጭኑ ከፍላሹ ላይ ሞክረውታል? ኡቡንቱ ይህን ይፈቅዳል። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ሞልቷል? ቻርጀሩስ ተሰክቷል? መብራት በመሀል ቢሄድ ሥራው ተበላሽቶ ይቀራል።

አራተኛ፣ ዊንዶውስን ማጥፋት ግድ ነው? ቦታ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ሲያልቅ የአማርኛ ኪቦርድ ጨመረበትና በፊደላችን የአያቱን ስም ጻፈ፤ ከሥሩም ፎቶውን አስገባ።

በሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የታካሚው ስም ይጠየቃል፣ ካርዱም ይታያል። ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፤ «ቆይ» ማለት ደግሞ የእኛ የአያቶች ሥራ ነው።