ወጣት ተጫዋች ሲሳሳት፦ ትችትንና ዘለፋን ስለ መለየት

በሐርጌሳ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ በሚታይበት ምሽት በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር አይገኝም። ጨዋታው ቢያልቅም ክርክሩ አያልቅም፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ ስለ አሸናፊው ሳይሆን ስለ ተሳሳተው ተጫዋች ነው። ተማሪዎቻችን በማግሥቱ ወደ ክፍል ይዘውት የሚመጡት ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ ተንታኙ ስለዚያ ተጫዋች የተናገረውን ቃል ጭምር ነው። «የማይረባ»፣ «ልብ የሌለው»፣ «ያለቀለት» የሚሉት ቃላት ከቴሌቪዥን ወጥተው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ ለሳተ ልጅ መጠሪያ ይሆናሉ።

እንግዲህ ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ስፖርተኛ በአደባባይ በብርቱ ቃል ሊተች ይገባዋልን? ጥያቄው የስፖርት ወዳዶች ብቻ አይደለም። መምህርም በየዕለቱ በጓደኞቻቸው ፊት የሚሳሳቱ ወጣቶችን ሥራ ይመዝናል፤ የሚናገረውም ቃል እንደ ተንታኙ ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ እየደገፍን እንመርምረው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተላላፊና ተንታኝ

በመጀመሪያ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። ጨዋታ አስተላላፊ የሚሆነውን ነገር ይነግረናል፤ ተንታኝ ግን የሆነው ነገር ለምን እንደ ሆነ ይነግረናል። ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሜዳውን ስለማያይ አስተላላፊው ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን እንደ ያዛት፣ ወዴት እንደ ሄደች ለመግለጽ ይገደዳል። ለፍርድ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ በ1987 በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፉበት ድምፅ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ሕዝቡን በምናቡ ሜዳው ውስጥ ስላስገባ ነው።

የቴሌቪዥን ነገር ከዚህ ይለያል። ተመልካቹ የሆነውን በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ ተንታኙ የሚጨምረው ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚጨምረውም ፍርድ ነው። ስሕተቱ በዝግታ አምስትና ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ ይታያል። በዝግታ ሲታይ ደግሞ ተጫዋቹ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ የነበረው ይመስላል፤ እርሱ ግን የወሰነው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ውጤቱን ካወቁ በኋላ መንገዱን ማወቅ ቀላል ነው። በዚህ ላይ ለዘብ ያለ አስተያየት አድማጭ አይስብም፤ የከረረው ግን በማግሥቱም ይወራል። ከዚህ እንደምንረዳው የተንታኙ ቃል የሚከርረው ሁልጊዜ በክፋት ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የተነሣ ነው። አገራችን «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የምትለው አባባል እዚህ ላይ ቦታ አላት።

የ19 ዓመቱ መቺ

ሐምሌ 11 ቀን 2021 በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም እንግሊዝና ጣሊያን ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ጨዋታው 1 ለ 1 ስለ ተጠናቀቀ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ተሄደ። ከእንግሊዝ መቺዎች መካከል ማርከስ ራሽፎርድና ጄደን ሳንቾ ሳቱ። አምስተኛውንና የመጨረሻውን የመታው ቡካዮ ሳካ ነበር፤ ዕድሜው 19 ዓመት ነው። የጣሊያኑ በረኛ ዶናሩማ ኳሷን አዳናት፤ ዋንጫውም ወደ ጣሊያን ሄደ። ከዚያ በኋላ በሦስቱ ጥቁር ወጣቶች ላይ የወረደው የዘረኝነት ስድብ ትችት ተብሎ ሊጠራ ስለማይችል እዚህ ላይ አንከራከርበትም።

ለትምህርታችን የሚጠቅመው ግን በቴሌቪዥን የተደረገው ትንተና ነው። የቀድሞው የማንችስተር ዩናይትድ አምበል ሮይ ኪን በኃይለኛ ተቺነቱ የታወቀ ነው። በዚያ ምሽት ልጁን አልወቀሰም፤ ወቀሳውን ወደ ትልልቆቹ አዞረ። እንደ ስተርሊንግና ግሪሊሽ ያሉት ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ተቀምጠው አንድ ለጋ ልጅ ከእነርሱ ቀድሞ እንዲመታ ማድረጋቸው አይገባም ነበር አለ። ሐሳቡ ለወጣቱ የተቆረቆረ ነበር። ይሁን እንጂ ግሪሊሽ ለመምታት ፈቃደኛ መሆኑን ተናግሮ እንደ ነበር ገለጸ። አሠልጣኙ ጋሬዝ ሳውዝጌትም መቺዎቹን በልምምድ ባዩት መሠረት የመረጡት ራሳቸው መሆናቸውን ተናግረው ኃላፊነቱን ወሰዱ።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ተንታኙ የቱንም ያህል ጨዋታ ቢያውቅ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሆነውን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሜዳ ላይ የሚታየው ስሕተት የአንድ ሰው ቢመስልም ከኋላው የሌላ ሰው ውሳኔ ሊኖር ይችላል። ሳካ በሐምሌ 2024 በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከስዊዘርላንድ ጋር የአቻነቱን ግብ ካስቆጠረ በኋላ እንደገና ለፍጹም ቅጣት ምት ተሰልፎ መትቶ አገባ፤ እንግሊዝም 5 ለ 3 አሸነፈች።

መጨረሻ የወጡት

ወደ እኛ አካባቢ እንመለስ። በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆነ። የወርቅ ሜዳሊያው የተገኘው በ47.58 ሰከንድ ነበር። የብዙ አገሮች ጋዜጦችና ጣቢያዎች ሰዓቱን ትተው ስለ ሰውነቱ ጻፉ፤ «ዓሣ ነባሪው ሮቤል» የሚል ስምም አወጡለት። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ተወዳዳሪው እንዴት ተመረጠ? በጊዜው አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለ ነበሩ ይህ ጥያቄ በአገር ውስጥ በብርቱ ተነሥቷል። ስለ አመራረጥ መጠየቅ ትችት ነው፤ ስለ ሆድ መሳለቅ ግን ዘለፋ ነው። የመጀመሪያው አሠራርን ሊያስተካክል ይችላል፤ ሁለተኛው የሚያስተካክለው ምንም ነገር የለም።

በ2023 በቻይና ቼንግዱ ከተማ በተደረገው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አንዲት የሶማሊያን መለያ የለበሰች ወጣት 100 ሜትርን በ21.81 ሰከንድ ሮጠች። ከአሸናፊዋ ከአሥር ሰከንድ በላይ ዘግይታ ስትገባ የሚያሳየው ፊልም በዓለም ዙሪያ መሳቂያ ሆነ። ኋላ የሶማሊያ የስፖርት ሚኒስቴር ይቅርታ ጠየቀ፤ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሊቀ መንበርም ታገዱ። ጥፋቱ በሯጯ እግር ላይ ሳይሆን በላኪዎቹ ውሳኔ ላይ መሆኑ የታየው ልጅቷ ከተሳቀባት በኋላ ነው።

ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር ታይቶ ነበር። በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ17 ዓመቷ የሞቃዲሾ ልጅ ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር 200 ሜትርን በ32.16 ሰከንድ ጨርሳ ከምድቧ መጨረሻ ስትገባ ሕዝቡ አጨበጨበላት። ሳሚያ በጭብጨባው ብትደሰትም ሕዝቡ ያጨበጨበላት ለማበረታታት ሳይሆን ስላሸነፈች ቢሆን ትመርጥ እንደ ነበር ተናግራለች። ይህ ንግግር ለመምህር ትልቅ ትምህርት ነው። ወጣት ስፖርተኛ ስድብ እንደማይፈልግ ሁሉ ርኅራኄም ብቻውን አይበቃውም፤ የሚሻለው የሚሻሻልበትን መንገድ ማግኘት ነው። ሳሚያ ያንን መንገድ ፍለጋ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር በ2012 በሜዲትራኒያን ባሕር ሕይወቷ አልፏል።

የመጀመሪያው ዓመት ፍርድ

በአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ተቀብሎ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለማን እንደሚሰጥ ወይም እንደሚወረውር የሚወስን ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ በቅድሚያ ስሙ የሚነሣው የእርሱ ነው። ትሮይ ኤክማን በ1989 በመጀመሪያ ዓመቱ ተሰልፎ የጀመራቸውን 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ፔይተን ማኒንግ በ1998 በመጀመሪያ ዓመቱ የወረወራቸውን 28 ኳሶች ተጋጣሚዎቹ ቀሙት፤ ቡድኑም 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ቡድን 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። ኤክማን በበኩሉ ሦስት ጊዜ የሻምፒዮናውን ዋንጫ ካነሣ በኋላ ጨዋታ አቁሞ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኗል።

ይህ ማለት ግን ክፉ ጅምር ያለው ሁሉ ታላቅ ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙዎች ሳይሻሻሉ ቀርተዋል። ምሳሌው የሚያስረዳን የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ብቻውን ለመጨረሻ ፍርድ እንደማይበቃ ነው።

ቁጣ ያሻሽላልን?

«ስቆጣው ተሻሻለ፤ ሳሞግሰው ሰነፈ» የሚል መምህር ወይም አሠልጣኝ ብዙ ነው። ዳንኤል ካህነማን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ለእስራኤል የበረራ አሠልጣኞች ሲያስተምሩ ይህንኑ ሰምተው ነበር። እርሳቸውም ምክንያቱ ሌላ መሆኑን አስረዱ። ማንም ሰው አንድ ቀን ከተለመደው ደረጃው እጅግ ዝቅ ቢል በሚቀጥለው ጊዜ፣ ቢቆጡትም ባይቆጡትም፣ ወደ ተለመደው ደረጃው የመጠጋቱ ዕድል ሰፊ ነው። እጅግ ከፍ ካለም እንዲሁ ዝቅ ይላል። ቁጣው የመጣው ከክፉው ቀን ቀጥሎ ስለ ሆነ ማሻሻያው የቁጣው ፍሬ ይመስላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ተማሪዎች ጀርባቸውን ለቅርጫት ሰጥተው የጠመኔ ስባሪ ሁለት ሁለት ጊዜ ይወርውሩ፤ ርቀቱም ይለካ። በመጀመሪያው ውርወራ እጅግ ከራቁት ውስጥ አብዛኞቹ በሁለተኛው ይሻሻላሉ፤ እጅግ ከቀረቡት ውስጥ አብዛኞቹ ይርቃሉ። ማንም ግን የተቆጣቸው ወይም ያሞገሳቸው የለም።

ክሉገርና ደኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ባወጡት ጥናት ለሠራተኞችና ለተማሪዎች ስለ ሥራቸው የሚሰጥ አስተያየት ምን እንደሚያስከትል ከብዙ ምርምሮች አሰባስበው መረመሩ። አስተያየት በአማካይ ሥራን እንደሚያሻሽል አገኙ፤ ነገር ግን ከሦስት እጅ አንድ እጅ በሚበልጠው ጊዜ ሥራው ባሰበት። እንደ ማብራሪያቸው አስተያየቱ ሐሳብን ከሥራው አንሥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲያዞር ጥቅሙ ይቀንሳል። «ኳሷን ስትመታ ዓይንህን አነሣህ» የሚለው ቃል ሐሳብን በኳሷ ላይ ያቆያል። «አንተ ፈሪ ነህ» የሚለው ግን ልጁን ከኳሷ አርቆ ስለ ራሱ እንዲጨነቅ ያደርገዋል።

በክፍል ውስጥ ለመከራከር

መምህራን ይህን ጉዳይ ለክርክር ሲያቀርቡ የሁለቱም ወገን ሐሳብ በሚገባ እንዲሰማ ያድርጉ። ብርቱ ትችትን የሚደግፉት ታዋቂ ስፖርተኛ በፈቃዱ አደባባይ የወጣና የሚከፈለው መሆኑን፣ ተመልካቹም እውነቱን ሊነገረው እንደሚገባ ይናገራሉ፤ ሽንገላ ማንንም አላሳደገም ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ የወጣቱን ዕድሜ፣ የተንታኙን የእውቀት ጉድለትና ቃሉ በሌሎች አፍ የሚበዛ መሆኑን ያነሣሉ።

በእኔ አስተያየት የሁለቱም ወገን እውነት በአንድ መስፈርት ይታረቃል። ትችት ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሆነ፣ ውሳኔው የማን እንደ ነበረና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይናገራል። ይህን ሁሉ ያሟላ ቃል የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ወጣቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ይሰጠዋል። ከእነዚህ አንዱንም የማይነግረን ቃል ግን በለሰለሰ ድምፅ ቢነገርም ዘለፋ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ሰነፍ» ብሎ ጽፎ ደብተር የሚመልስ መምህርም ከዚህ መስፈርት ውጭ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቅርብ ከሰማችሁት የጨዋታ ትንተና ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። የትኞቹ ስለ ሥራው፣ የትኞቹ ስለ ሰውየው ይናገራሉ?

2. በ2021 የፍጹም ቅጣት ምት ላይ ኃላፊነቱ የማን ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

3. «ያ በረኛ የማይረባ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በረኛው ሊማርበት በሚችል ትችት ለውጡት።