ማን ይመረጣል? እንዴት እንገምት?

በእረፍት ሰዓት ኳስ ስንጫወት ሁለት አምበሎች ተራ በተራ ልጅ ይመርጣሉ። እኛም መጀመሪያ ማን እንደሚጠራ እንገምታለን። እኔ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ነው የምጠራው። ለዚህ ነው ስለ ምርጫ የማስበው።

የአገር ቡድን ሲመረጥም ሰው ይገምታል። በኦሎምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከ3 ወንዶች በላይ ማሰለፍ አይችልም። የኢትዮጵያ ፈጣን ሯጮች ደግሞ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለመገመት ሦስት ነገሮችን ማየት አለብን፦ አንደኛ ሯጩ በቅርቡ ያስመዘገበውን ሰዓት፣ ሁለተኛ በትልልቅ ውድድሮች ያገኘውን ደረጃ፣ ሦስተኛ ጤንነቱን።

ለፓሪስ ኦሎምፒክ ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ ተመረጡ። ሲሳይ በ2016 ዓ.ም የቦስተን ማራቶንን አሸንፎ ነበር። ታምራት ቶላም በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ አሸንፏል፤ እሱ ግን ተጠባባቂ ተባለ። ውድድሩ ሲቃረብ ሲሳይ ተጎዳና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቅ አመጣ። የኦሎምፒክ ሪከርድም ሰበረ!

አያችሁ፣ ግምት ማን እንደሚመረጥ ሊነግረን ይችላል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን አይነግረንም። ታምራት «ተጠባባቂ ነኝ» ብሎ ልምምድ ቢያቆም ኖሮ ወርቁ ይቀር ነበር። እኔም ከእንግዲህ መጨረሻ ስጠራ አላኮርፍም፤ እዘጋጃለሁ። አምበሎች ግን ይህን ጽሑፍ አንብቡልኝ!