ሦስት ኬክሮስ እስከ ጎንደር

የሰሜን ተራሮችን ለማየት ወይም በዳባትና በደባርቅ ያሉ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው «ርቀቱ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጠንቃቃ መላሽ አስቀድሞ «በምድር ነው ወይስ በሰማይ?» ሊለው ይገባል፤ በመኪና የሄደ እንደ ሆነ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ጎንደር እስኪገባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ፣ በአውሮፕላን የሄደው ግን ገደሉም ጥምዝምዙም ስለማያግደው 420 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይበርራልና።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ካርታና ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ገጽ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቦሌ በ9ኛው ዲግሪ አጠገብ፣ በአዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም በ12 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሚገኙ፣ የሦስት ዲግሪ ተኩሉ ልዩነት ወደ ሰሜን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ጎንደር ደግሞ ወደ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ያለች ናትና፣ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው ሰያፍ መስመር 420 ይጠጋል።

ጊዜው ግን ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ አይገኝም። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበርር አውሮፕላን መንገዱን በ50 ደቂቃ ሊፈጽመው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ተንደርድሮ እስኪነሣ፣ ከፍታውን እስኪይዝ፣ ኋላም ፍጥነቱን ቀንሶ ለማረፍ እስኪሰናዳ ድረስ ያለው ሁሉ ሲደመር አንድ ሰዓት ከሩብ ሊጠጋ ይችላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ስለሚከፍሉ፣ አንዱም ኬክሮስ 24 ደቂቃ ስለሚሆን፣ ይህ በረራ ሦስት ኬክሮስ ያህል ነው፤ እንግዲህ ዛሬ በካርታ ላይ ቦታን የምንለካበት ቃል በአበው ዘንድ ጊዜ የሚቆጠርበት ነበር ማለት ነው።

ርቀት ባለበት ሲጸና ጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማየት የስኮትላንዱን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ማስታወስ ይበቃል። ከምፅዋ እስከ ጎንደር በአየር ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም። ብሩስ ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1769 ከጠረፉ ተነሥቶ፣ በዓድዋ በኩል አልፎ፣ የሊማሊሞን ዐቀበት ወጥቶ፣ ጎንደር የደረሰው በየካቲት 1770 ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ መሆኑ ነው።

የዛሬው መንገደኛም ቢሆን ከጎንደር በኋላ ወደ ምድር ሕግ ይመለሳል። ደባርቅ ከጎንደር በአየር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የሚያልፈው አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደጋውም ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ከቦሌ ጎንደር ሦስት ኬክሮስ የፈጀበት ሰው፣ ከጎንደር ደባርቅ ለመድረስ አምስት ወይም ስድስት ኬክሮስ አስቀድሞ ቢያስብ ይበጀዋል።