ሲስተም ሲቀየር ኪሳራው የማን ነው?

ነጋዴ የዋጋን፣ የመንገድንና የዝናብን አደጋ አስልቶ ይነግዳል። የኮምፒዩተር ሲስተም ለውጥን ግን ከአደጋ የሚቆጥረው ጥቂቱ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ይህ ስሌት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል አሳይቷል።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ ባንኩ በሲስተሙ ላይ ካደረገው ማሻሻያ ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ስህተት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ያለአግባብ የወጣውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቋል። ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ የገለጹ ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ይፋ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ ቅዳሜ ዕለት ሲስተሙ ለሰዓታት ሲቋረጥ ክፍያው የቆመበት ነጋዴ ያጣው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

የደብረ ማርቆስን የእህል ነጋዴ እንውሰድ። ከብቸናና ከደጀን አካባቢ የተሰበሰበ ጤፍ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ፣ ሻጩ “ይራገፍ” የሚለው ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ሲያውቅ ነው። ሲስተሙ ከቆመ መኪናውም ይቆማል፤ የቆመበት ደግሞ ይከፈላል። ሲስተሙ ከተሳሳተ ነገሩ ይብሳል። በሌለ ገንዘብ የተፈጸመ ክፍያ ኋላ ሊታገድ ይችላል፤ ጤፉ ግን ተራግፏል።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ፕሮግራም ሲጭን ከ8 ሰርቨሮች አንዱ ተረሳ። ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት፣ በተረሳው ሰርቨር ላይ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም ማንም ያላሰበውን ትእዛዝ ይልክ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። ሠራተኞቹ በድንጋጤ አዲሱን ፕሮግራም ከ7ቱ ላይ ሲያነሱ ጥፋቱን አባባሱት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፒችትሪውን በሌላ ፕሮግራም ለሚተካ ጅምላ አከፋፋይም ይሠራል። አሮጌውና አዲሱ ቢያንስ ለአንድ ወር ጎን ለጎን ይሂዱ፤ የሁለቱ ሚዛን ካልገጠመ አሮጌው አይዘጋ። ለውጡ በገበያ ቀንና በወር መዝጊያ አይደረግ። የመረጃ ቅጂ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ከቅጂው መመለስ እንደሚቻል ይሞከር። ፕሮግራሙን የሚቀይረውና ለውጡን የሚያጸድቀው አንድ ሰው አይሁን።

በባንክ በኩል ደግሞ ትልቅ ጭነት ከመልቀቅ በፊት የስልክ መልእክት ብቻ ሳይሆን የሒሳቡ መግለጫ ይታይ። የሥራ ማስኬጃውም በሁለት ባንክ ቢከፈል ይመረጣል።

ሲስተም ሲገዛ ሁሉም የሚከራከረው በዋጋው ላይ ነው። ውሉ ግን ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ለውጡ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ማን ይመልሰዋል? በስንት ሰዓት? ኪሳራውንስ ማን ይሸፍናል?